ደብረ ብርሃንን የሰየመው ብርሃን ከምን የተሠራ ነበር?

በዚህች መጽሔታችን ላይ ስለ ዜና አጻጻፍ፣ ስለ ሬዲዮ ፕሮግራም፣ ስለ ፎቶ ጋዜጠኝነት ብዙ ጊዜ ተጽፏል። እኔ ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ግን ትንሽ ወጣ ያለ ርዕስ ነው። ስለ ሰማይ ነው። “ደግሞ የጋዜጠኝነት ተማሪን ከከዋክብት ጋር ምን አገናኛት?” የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሴሚስተር ነው። የሳይንስ ዜና ጽፋችሁ አምጡ ተባልን። እኔም ቤኑ ስለሚባለው አስትሮይድ አንዳንድ ነገር አነበብኩና “በጠፈር ላይ የሕይወት ዘር ተገኘ!” የሚል ርዕስ ሰጥቼ በኩራት አስገባሁ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ርዕሱ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። ከጎኑ ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች ተጽፈዋል፤ “ማን አየው? በምን አየው?” እውነቱን ለመናገር በጣም ነው ያፈርኩት። መልሱን አላውቀውም ነበራ!

ለፋሲካ አንኮበር አያቴ ዘንድ ስሄድም ጥያቄው አብሮኝ ሄደ። ቡና እየቆሉ ሳለ ምን እንደምማር ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና “እስቲ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ያ ደብረ ብርሃን ላይ የታየው ብርሃን ጅራታም ኮከብ ነበር የሚሉ አሉ። እውነት ነው? ለመሆኑስ ከምን የተሠራ ነው?” አሉኝ። እኔም “እማማ፣ ጠይቄ እመጣለሁ” አልኳቸው። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የዚያ ቃል መክፈያ ነው። (ዓ.ም. የሚል ካልተጻፈበት በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብርሃኑ

ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው ከ1434 እስከ 1468 በነገሡት በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ነው። እንደሚተረከው ንጉሡ በሃይማኖት ጉዳይ የተጣሏቸውን ደቂቀ እስጢፋኖስን በድንጋይ አስወገሩ። ከ38 ቀን በኋላ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ። ንጉሡ ይህን ፈጣሪ ሥራዬን የተቀበለበት ምልክት ነው ብለው በቦታው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቤተ መንግሥትም ተከሉ። ከመጨረሻዎቹ 14 የሕይወታቸው ዓመታት 12ቱን የኖሩት እዚያው ደብረ ብርሃን ነው።

የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ ብርሃኑ በ1456፣ ማለትም በ1448 ዓ.ም. የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ዘመኑ ይገጥማል። ኮከቡም በዚያ ዓመት ከሸዋ ሊታይ ይችል ነበር። ግን አንድ ችግር አለ። ትውፊቱ ብርሃኑ የታየው በመጋቢት ወር ነው ይላል፤ ሃሌይ ግን በ1456 ደምቆ የታየው በሰኔ ነው። ስለዚህ “ሊሆን ይችላል” እንጂ “ነው” አይባልም። እባካችሁ ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ኮከቡን ፈጣሪ ላከው አልላከው የሚለው የእኔ ጥያቄ አይደለም። የእኔ ጥያቄ የአያቴ ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ ከምን የተሠራ ነው?

ጋዜጦች የሳቱበት ዓመት

ሃሌይ በ75 ወይም በ76 ዓመት ገደማ አንዴ የሚመለስ ኮከብ ነው። በ1910 ሲመጣ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች አዲስ መሣሪያ ይዘው ጠበቁት። ብርሃንን እንደ ቀስተ ደመና ዘርዝሮ የሚያሳይ ስፔክትሮስኮፕ ነበር። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በተዘረዘረው ብርሃን ላይ የራሱ ምልክት አለው። አሜሪካ በሚገኘው የርክስ ኦብዘርቫቶሪ ያሉ ባለሙያዎች በኮከቡ ጅራት ብርሃን ውስጥ የሳያኖጅንን ምልክት አዩ። ሳያኖጅን ካርቦንና ናይትሮጅን የተያያዙበት መርዘኛ ጋዝ ነው።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። መሬት በግንቦት ወር በኮከቡ ጅራት ውስጥ ታልፋለች ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ካሚይ ፍላማሪዮን የተባለው ታዋቂ ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ሰው ጋዙ ሕይወትን ሁሉ ሊያጠፋ ይችላል እንዳለ ጋዜጦች ጻፉ። አብዛኞቹ ባለሙያዎች በዚህ እንደማይስማሙም አብሮ ተጽፎ ነበር፤ ግን ማን አንብቦት! በአውሮፓና በአሜሪካ የቁልፍ ቀዳዳ በወረቀት የደፈነ ነበር። “የኮሜት ክኒን” የሸጠም የገዛም ነበር። መሬት አለፈች፤ ማንም አልሞተም። የጅራቱ ጋዝ እጅግ ከመሳሳቱ የተነሣ ወደ አየራችን የሚገባ ነገር አልነበረውም።

ልብ በሉ፤ ሳይንሱ አልተሳሳተም። ሳያኖጅኑ በእርግጥ ነበር። የተሳሳተው ከሳይንሱ እስከ አንባቢው ባለው መንገድ ላይ ነው። ያ መንገድ ደግሞ የእኛ ሥራ ነው።

ቀለበቶቹን ከጓዳ እንፈልግ

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ሳይንቲስቶች በጠፈር ውስጥ ሲፈልጓቸው ከኖሩት ነገሮች መካከል በቀለበት ቅርጽ የተያያዙ የካርቦን ሞለኪውሎች ይገኙበታል። ስማቸው ይከብዳል እንጂ ራሳቸው የእኛው ጓዳ ውስጥ አሉ። የማገዶ ቤት ጣሪያ ላይ የሚንጠለጠለውን ጥቀርሻ ታውቁት የለም? ጥቀርሻ በአብዛኛው ከካርቦን የተሠራ ነው፤ እንጨትና ኩበት በደንብ ሳይነድ ሲጨስ ስድስት ስድስት የካርቦን አተሞች ክብ ሠርተው ይያያዛሉ። አንዱ ክብ ብቻውን ሲሆን ቤንዚን ይባላል (ስሙ ተመሳሰለ እንጂ መኪና ላይ የሚሞላው አይደለም)። ክቦቹ ጎን ለጎን ሲገጣጠሙ ደግሞ ልክ የማር እንጀራ ይመስላሉ።

አሁን ከዚያ የማር እንጀራ ላይ አንዱን የካርቦን አተም አውጥታችሁ በቦታው ናይትሮጅን ተኩበት። ናይትሮጅን ያለበት ቀለበት ማለት ይኸው ነው። ይህም ሩቅ አይደለም። ቡና ሲቆላ ቤቱን የሚሞላው ሽታ ውስጥ ፒራዚንና ፒሪዲን የሚባሉ የናይትሮጅን ቀለበቶች አሉ። አያቴ ጥያቄውን ሲጠይቁኝ ግማሹ መልስ ከብረት ምጣዱ እየተነሣ ነበር ማለት ነው! ካፌይን ራሱ ተጣብቀው በተሠሩ ሁለት ቀለበቶች ላይ የቆመ ነው፤ በቀለበቶቹ ውስጥ አራት የናይትሮጅን አተሞች አሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያን ቡና ካፌይን በብርሃን ለክተው ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ሆኖ አግኝተውታል። እነሱ የተጠቀሙት አልትራቫዮሌትና የሚታይ ብርሃን ነው። ዘዴው ግን ያው ነው፤ ብርሃን አሳልፎ ምን እንደተዋጠ ማየት።

ታዲያ ለምን እነዚህ ቀለበቶች ተፈለጉ? የካፌይን አጽም ከአዴኒን አጽም ጋር አንድ ነው። አዴኒን ደግሞ ከዲኤንኤ አራት ፊደላት አንዱ ነው። የዘራችን ፊደላት በሙሉ የናይትሮጅን ቀለበቶች ናቸው። ስለዚህ “እነዚህ ቀለበቶች መሬት ከመፈጠሯ በፊት በጠፈር ውስጥ ይሠሩ ነበር ወይ?” የሚለው ጥያቄ ተራ የኬሚስትሪ ጥያቄ አይደለም።

በሙቀት ማየት

ደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናትና ማታ ማታ ሰው ከከሰል ማንደጃ አይርቅም። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እጃችሁን ወደ ማንደጃው ብትዘረጉ እሳቱ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ያወቃችሁት በኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ዊልያም ኸርሸል በ1800 የፀሐይን ብርሃን በመስታወት ዘርዝሮ ቴርሞሜትሩን ከቀዩ ቀለም አልፎ፣ ምንም በማይታይበት ቦታ ላይ ሲያስቀምጠው ሙቀቱ ጨመረ። ዓይን የማያየው ብርሃን አለ ማለት ነው። የቴሌቪዥን ሪሞት ኮንትሮልም የሚሠራው በዚሁ ነው።

ሞለኪውሎች ደግሞ ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ይንቀጠቀጣሉ። በሁለት አተሞች መካከል ያለውን ማያያዣ እንደ ክራር ክር አስቡት። ክሩ ሲወጠር ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲወፍር ይጎረናል። በጨለማ ውስጥ ሆናችሁ የትኛው ክር እንደተመታ በድምፁ ትለያላችሁ። እንደዚሁ ካርቦንና ሃይድሮጅን የተያያዙበት “ክር”፣ ካርቦንና ካርቦን የተያያዙበት “ክር” እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቅኝት አላቸው። ቅኝቱ የሚሰማው ግን በጆሮ ሳይሆን በኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ኢንፍራሬድ ስፔክትሮስኮፒ ማለት በአጭሩ ይህን መቃኘት ነው። የሚለካውም በማይክሮን፣ በሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው።

የሰማይ ጥቀርሻ

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሥነ ፈለክ ሰዎች በከዋክብት ዙሪያ ያሉ የጋዝና የአቧራ ደመናዎችን በኢንፍራሬድ ሲያዩ ማንነታቸው ያልታወቀ ጉብታዎች በግራፉ ላይ አገኙ። ቆይቶ በ3.3፣ በ6.2፣ በ7.7፣ በ8.6 እና በ11.3 ማይክሮን ላይ ያሉት ጉብታዎች አብረው እንደሚመጡ ታወቀ። ለአሥር ዓመት ያህል ማንም ሊፈታቸው አልቻለም። በ1984 ሌዤና ፒዩዤ የተባሉ ፈረንሳውያን፣ በ1985 ደግሞ አላማንዶላ፣ ቲለንስና ባርከር በአሜሪካ መልስ አቀረቡ፤ ጉብታዎቹ የእነዚያ የማር እንጀራ ሞለኪውሎች ቅኝት ናቸው አሉ። አንድ ሞለኪውል ከአጠገቡ ካለ ኮከብ አንዲት የአልትራቫዮሌት ጨረር ሲውጥ በአንድ ጊዜ ይግላል፤ ከዚያ ኢንፍራሬድ እየረጨ ይበርዳል። ደመናው ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ጉብታው የሚደምቀው ለዚህ ነው። እንግዲህ ሰማዩም ጥቀርሻ አለው!

ናይትሮጅኑስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። የ6.2 ማይክሮኑ ጉብታ የካርቦን ለካርቦን ክር ቅኝት ነው። ነገር ግን በቤተ ሙከራ ንጹሕ የካርቦን ቀለበቶች ሲለኩ ጉብታው ወደ 6.3 ይጠጋል እንጂ 6.2 ላይ አይደርስም። በ2002 ኤልስ ፒተርስና ባልደረቦቿ ከአውሮፓው ኢንፍራሬድ የጠፈር ቴሌስኮፕ የተገኘውን መረጃ ሲያበጥሩ ብዙዎቹ ደመናዎች 6.22 ላይ እንደሚቆሙ አሳዩ። ልዩነቱ የማይክሮን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ ግን ቅኝት ቅኝት ነው፤ ክራር ደርዳሪ የሆነ ሰው ይህን ያውቃል። በ2005 ኸጂንስ፣ ባውሽሊከርና አላማንዶላ አስልተው አንድ ነገር አገኙ። በቀለበቶቹ መካከል፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አንድ ናይትሮጅን ሲተካ ጉብታው ወደ 6.2 ይሄዳል። ናይትሮጅን ከካርቦን ትንሽ ይከብዳልና ድምፁ መጎርነን ነበረበት ትሉ ይሆናል። ነገሩ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ናይትሮጅን በሞለኪውሉ ውስጥ ያለውን የኤሌክትሪክ ክፍፍል ይለውጠዋል።

ታዲያ አለቀ? ተገኘ? አላለቀም። ሲሊከን የተጣበቀባቸው ቀለበቶች፣ ተጨማሪ ሃይድሮጅን የያዙ ቀለበቶችም ጉብታውን ወደ 6.2 ሊገፉት እንደሚችሉ ሌሎች ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ኢንፍራሬድ ቤተሰቡን ይነግረናል እንጂ የግለሰቡን ስም አይነግረንም። የደብረ ብርሃኑን ብርሃን አስታወሳችሁ? ዘመኑ ገጠመ፣ ወሩ አልገጠመም። እዚህም ጉብታው ገጠመ፣ ምስክሩ ግን አንድ ብቻ አይደለም። ነገሩ አንድ ነው፤ መግጠም መረጋገጥ አይደለም።

ከአንኮበር ሆኖ ማየት ይቻላል?

አንድ ጓደኛዬ “ታዲያ አንኮበር ከፍታ ነው፣ ሌሊቱም ጨለማ ነው፤ ለምን እዚያ ቴሌስኮፕ አይተከልም?” አለኝ። ለሚታየው ብርሃን ሐሳቡ አይከፋም። በ2013 ሥራ የጀመረው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖችን የተከለው 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ለ6.2 ማይክሮን ግን አይሆንም። ምክንያቱ ከቆላው እየወጣ አንኮበርን የሚያለብሰው ጉም ራሱ ነው፤ ማለትም ውኃ። በአየር ውስጥ ያለ የውኃ እንፋሎት አጥብቆ የሚውጠው በትክክል በዚያው በ6.3 ማይክሮን አካባቢ ያለውን ብርሃን ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት እንኳ እንፋሎቱ አለ። ስለዚህ መሣሪያውን ከአየር በላይ ማውጣት የግድ ነው። የአውሮፓው ቴሌስኮፕ ከ1995 እስከ 1998፣ ስፒትዘር ከ2003 እስከ 2020 ሠሩ። በታኅሣሥ 2021 የመጠቀው ጄምስ ዌብ ደግሞ ባለ 6.5 ሜትር መስታወት ነው፤ ጉብታዎቹን ከቀድሞዎቹ አጥርቶ ያያል።

ኮከቡ ዘንድ ተሄደ

አሁን የአያቴን ጥያቄ ልመልስ። ሃሌይ ከ1456 በኋላ ሰባተኛ ጊዜ በተመለሰበት በ1986 የሰው ልጅ መልስ ፍለጋ እዚያው ድረስ ሄደ። የሶቪየት ኅብረት መንኮራኩሮች ቬጋ 1 እና ቬጋ 2፣ የአውሮፓው ጆቶም በመጋቢት ወር አጠገቡ አለፉ። ቬጋ 1 ወደ 8,900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የተጠጋው። በፈረንሳይ የተሠራ ኢንፍራሬድ ስፔክትሮሜትር ይዞ ነበር። መሣሪያው ውኃን በ2.7 ማይክሮን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በ4.25 ማይክሮን ላይ ለየ። በ3.2 እና በ3.5 መካከል ደግሞ ሰፋ ያለ ጉብታ አየ፤ ይህ የካርቦንና የሃይድሮጅን ክር ቅኝት ነው።

በዚሁ በቬጋ 1 ላይ የነበረ ሌላ መሣሪያ የኮከቡን አቧራ በቀጥታ እየተቀበለ መዘነው። አቧራው በካርቦን፣ በሃይድሮጅን፣ በኦክስጅንና በናይትሮጅን የበለጸገ ሆኖ ተገኘ። ኪሰልና ክሩገር የተባሉ ጀርመናውያን በ1987 ባሳተሙት ጽሑፍ ከእነዚህ መካከል የናይትሮጅን ቀለበቶች ሳይኖሩ እንደማይቀሩ ገመቱ። ገመቱ ነው ያልኩት፤ መሣሪያው የሰጣቸው የስብርባሪዎቹን ክብደት ነው፣ ሙሉውን ሞለኪውል አይደለም።

የተረጋገጠውስ የቱ ነው?

ሁለት ነገር አለ። አንደኛው በሬዲዮ የተገኘው ነው። ሞለኪውል ሲሽከረከር የሚልከው የሬዲዮ ምልክት ከኢንፍራሬዱ ይልቅ እንደ ጣት አሻራ ነው፤ ስም ይጠራል። በ2018 ብሬት ማጋየርና ባልደረቦቹ አሜሪካ ባለው የግሪን ባንክ ቴሌስኮፕ አማካይነት ቤንዞናይትራይል የተባለ ሞለኪውልን በታውረስ ኅብረ ኮከብ አቅጣጫ ባለ ደመና ውስጥ አገኙ። በ2021 ባለ ሁለት ቀለበቱ፣ በ2024 ደግሞ ባለ አራት ቀለበቱ ተከተለ። ሁሉም ላይ የተንጠለጠለው ካርቦንና ናይትሮጅን፣ በ1910 ሰውን ያስደነገጠው ያው ጥንድ ነው። ንጹሑ የቤንዚን ቀለበት በሬዲዮ ምልክት አይሰጥም፤ ይህ ጥንድ ሲንጠለጠልበት ግን እንደ ቃጭል ያሳጣዋል። እዚህ ግን ናይትሮጅኑ ከቀለበቱ ውጭ ነው። እስከ 2022 ድረስ በታተሙት ፍለጋዎች፣ ናይትሮጅኑ ቀለበቱ ውስጥ የገባበትን እንደ ፒሪዲን ያለ ሞለኪውል በሬዲዮ የፈለጉ ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል።

ሁለተኛው በእጅ የተያዘው ነው። ኦሳይረስ ሬክስ የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር በመስከረም 2023 ከቤኑ 121.6 ግራም አፈርና ጠጠር ይዛ ተመለሰች። በጥር 2025 እንደተገለጸው የዲኤንኤና የአርኤንኤ አምስቱም ፊደላት በውስጡ ተገኝተዋል። ሁሉም የናይትሮጅን ቀለበቶች ናቸው። በ1969 አውስትራሊያ ላይ በወደቀው የመርቺሰን ድንጋይም እንዲህ ያሉ ቀለበቶች ቀደም ብለው ተገኝተዋል። ስለዚህ ቀለበቶቹ ከመሬት ውጭ ይሠራሉ። ይህ “ሊሆን ይችላል” አይደለም፤ “ነው” ነው። የቀረው ጥያቄ በከዋክብት መካከል ባለው ደመና ውስጥ ነው ወይስ በኋላ በድንጋዮቹ ውስጥ የተሠሩት የሚለው ነው። የ6.2 ማይክሮኗ ጉብታ ዋጋዋ እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ

ከዚህ ሁሉ ለራሴ የያዝኩት ሦስት ቃላት ነው፤ “ተገኘ”፣ “ይጠቁማል”፣ “ይገመታል”። የቤኑ ፊደላት ተገኙ። 6.2 ማይክሮን ናይትሮጅንን ይጠቁማል። የሃሌይ ቀለበቶች ይገመታሉ። ሦስቱን ቃላት ያደባለቀ ዜና የ1910ን ስህተት ይደግማል። የእኔም ዜና እንዲሁ ነበር፤ ፊደል መገኘቱን መጽሐፍ እንደ መገኘት ቆጥሬው ነበር። አሁን ርዕሱን እንደገና ጽፌዋለሁ፤ “ከአስትሮይድ በመጣ አፈር ውስጥ የዲኤንኤ ፊደላት ተገኙ”። እንደ በፊቱ አያስደነግጥም፣ ግን ማን አየው ብትሉኝ መልስ አለኝ።

ለአያቴም በስልክ ነገርኳቸው። “እማማ፣ ብርሃኑ ያ ኮከብ ከነበረ፣ ከበረዶ፣ ከአቧራ፣ ከጥቀርሻም የተሠራ ነው። ቡና ሲቆሉ የሚሸትዎ ዓይነት ነገርም ሳይኖርበት አይቀርም” አልኳቸው። ሳቁና “ከነበረ ነው ያልሽው?” አሉኝ። “አዎ፣ ከነበረ” አልኩ። “ጎሽ፣ እንደሱ ነው፤ ያላዩትን ነው አይባልም” አሉ።

ሃሌይ በ2061፣ በ2053 ዓ.ም. ሐምሌ ገደማ ይመለሳል። ያኔ እኔም ወደ ስልሳ እጠጋለሁ። ሐምሌ የደብረ ብርሃን ክረምት ነውና ደመናው ካሳየን አብረን እናየዋለን። ዜናውን የሚጽፉት ደግሞ ምናልባት ከእኛ በኋላ በዚህ ዲፓርትመንት የሚያልፉ ልጆች ይሆናሉ። ማን አየው፣ በምን አየው ብለው እንዲጽፉልን እመኛለሁ።

ቸር እንሰንብት!